አራት የወባ ዜናዎችና በግቢ ያለው በርሜል

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ ወር ውስጥ ስለ ወባ አራት ዓይነት ዜና ሰማሁ። አንዱ ወባ የተመለሰው የአሜሪካ እርዳታ ስለቆመ ነው ይላል። ሌላው አየሩ ስለሞቀ ነው፣ ነገ አዲስ አበባም ይገባል ይላል። ሦስተኛው ጅቡቲ ላይ በላቦራቶሪ የተሠራ ትንኝ ተለቅቆ ወደ እኛ ተሻገረ ይላል። አራተኛው ደግሞ ክትባት ስለተገኘ ከእንግዲህ የሚያሰጋ ነገር የለም ይላል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢያችን ውስጥ አንድ ሮቶና ሦስት በርሜል አለን። ባለፈው ሳምንት የሰባት ዓመት ልጄን አተኮሰው። በጣት ደም የሚደረገው ምርመራ ወባ የለበትም አለ፤ መድኃኒት ቤቱ ግን ለማንኛውም ብሎ ኮአርተም ሸጠልኝ። ሁለት ቀን ወስዶ ሲሻለው አቋረጥኩለት። የትኛውን ዜና ልመን? ምንስ ላድርግ?»

ምላሽ፦ ከልጅዎ ልጀምር፤ ከአራቱም ዜናዎች አስቸኳዩ እሱ ነውና። ኮአርተም በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ የሚወሰድ የወባ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው የሚሰጠው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ሲሆን የቀሩት አራቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋትና ማታ፣ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰዳሉ። በአንዱ እንክብል ውስጥ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አርቴሜተር የሚባለው በደም ውስጥ ያለውን ወባ አምጪ ተሕዋስ ብዛት በፍጥነት ይቀንሳል፤ ትኩሳቱ በአንድና በሁለት ቀን የሚበርደው በእሱ ነው። የተረፈውን እየለቀመ የሚጨርሰው ሉሜፋንትሪን ነው። ይህኛው ቀስ ብሎ በደም ውስጥ የሚጠራቀም ስለሆነ ስድስቱም ካልተወሰዱ የሚያስፈልገው መጠን ላይ አይደርስም። ልጅዎ በሁለተኛው ቀን የተሻለው ወባ ኖሮበት ከሆነ፣ የታየው የመጀመሪያው መድኃኒት ሥራ ብቻ ነው ማለት ነው። ወባ ካልነበረበት ደግሞ የማይመለከተውን መድኃኒት ወስዷል፤ ትኩሳቱም የበረደው በራሱ ጊዜ ነው። የትኛው እንደሆነ ዛሬ ከቤት ሆኖ የሚያውቅ የለም። የቀረውን እንክብል አሁን እንደ አዲስ አይጀምሩለት፤ ጤና ጣቢያ ወስደው የሆነውን ሁሉ፣ የወሰደውን መጠን ጭምር ይንገሩና ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ።

ማይክሮስኮፕ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገው ራሱን ተሕዋሱን ሳይሆን ተሕዋሱ የሚያወጣውን ፕሮቲን ነው። ለብዙ ዓመታት የተለመደው መመርመሪያ ፋልሲፓረም የተባለውን ገዳይ የወባ ዓይነት የሚለየው ኤችአርፒ2 በሚባል ፕሮቲን ነበር። ኤርትራና ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው ተሕዋስያን ተገኙ። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተካሄደና በ2021 የታተመ ጥናት ይህንን በዝርዝር አሳይቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለው ወባ የያዘው ሰው ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መመርመሪያው ላይ ግን መስመሩ ላይወጣ ይችላል። በዚህም የተነሣ ሌላ ፕሮቲን የሚፈልጉ መመርመሪያዎች መግባት ነበረባቸው። በ2022 እርስዎ ባሉበት በድሬዳዋ የተነሣውን ወረርሽኝ ያጠኑት ተመራማሪዎችም ሁለት ነገር በአንድ ላይ አግኝተዋል፤ ከመመርመሪያው የሚያመልጥ እና አርቴሜተር የሚመደብበትን አርቴሚሲኒን የተባለውን የመድኃኒት ዘር በከፊል የመቋቋም ምልክት ያለው ተሕዋስ። ሳይመረመሩ መድኃኒት መግዛትና ጀምሮ ማቋረጥ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ለዚህ ነው። የሚጎዳው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ያለውን ብቸኛ ጥሩ መድኃኒት ያሳጣል።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ምርመራ አይረባም» ወደሚል መደምደሚያ እንዳይሄዱ። ምርመራው ወባ የለም ካለ አብዛኛውን ጊዜ የለም ማለት ነው። ድሬዳዋ በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በወረርሽኝ መልክ የገቡባት ከተማ ናት፤ ሁለቱም እንደ ወባ ያተኩሳሉ፣ መገጣጠሚያ ይቆርጥማሉ፣ ራስ ያፈልጣሉ። ስለዚህ የትኩሳቱ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ለልጅዎ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይስጡት፤ ደንጊ ከሆነ የደም መፍሰስ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በክብደቱ ልክ የተሰላ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ይበቃዋል። ካንቀጠቀጠና ራሱን ካሳተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘና አልነቃ ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ መዳፉና የዓይኑ ውስጥ ከነጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ግን ጤና ጣቢያ ደርሶ ወረፋ መጠበቅ የለበትም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ ሌሊትም ቢሆን።

አሁን ወደ ዜናዎቹ። እርዳታው መቋረጡ እውነት ነው፤ ወባውን ያመጣው እርዳታው መቋረጡ ነው የሚለው ግን ከቀኖቹ ጋር አይገጥምም። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት ያገደው በጥር 20 ቀን 2025 ሲሆን የአሜሪካን እርዳታ ያስተዳድር የነበረው ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ሥራውን ያቆመው በሐምሌ 1 ቀን 2025 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመዘገበው መሠረት ግን ኢትዮጵያ ውስጥ በ2023 ከ4 ሚሊዮን በላይ፣ በ2024 ደግሞ ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ገንዘቡ ሳይቆም ነው። እስከ 2019 ድረስ ቁጥሩ እየወረደ ነበር። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፣ በኦሮሚያና በአማራ ብዙ ቦታዎች የጸጥታ ችግር በረታ፤ የርጭት ቡድን የማይገባባቸው፣ አጎበር የማይደርስባቸው፣ ጤና ኬላቸው የተዘረፈ ወረዳዎች በዙ። በ2024 ከተመዘገበው ሕመም 44 በመቶው ከኦሮሚያ፣ 18 በመቶው ከአማራ መሆኑ ይህንን ያስረዳል። እርዳታው የቆመው እሳቱ ከተቀጣጠለ በኋላ ነው፤ የሚያጠፋውን እጅ ግን ቀንሷል። ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ የወባ ፕሮግራም ለርጭት፣ ለአጎበር፣ ለመመርመሪያና ለመድኃኒት የሚያወጣው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ለእርስዎ ቤት ትርጉሙ አጭር ነው፤ የሚረጨውና የሚታደለው ሊዘገይ ስለሚችል እሱን መጠበቅ የለብዎትም።

ስለ ሙቀቱ የሰሙት በከፊል ትክክል ነው፤ ለከተማዎ ግን አይሠራም። ነገሩ የሚመጣው ከትንኟ ሆድ ነው። ትንኝ ከታመመ ሰው ደም ስትመጥ ተሕዋሱ ወዲያው ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ መጀመሪያ በእሷ ውስጥ ማደግና ወደ ምራቋ መድረስ አለበት። ይህ ዕድገት በሙቀት የሚለካ ነው። ከ16 ዲግሪ በታች ፋልሲፓረም አያድግም። በ20 ዲግሪ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ አብዛኛዋ ትንኝ ደግሞ አራት ሳምንት አትኖርም፣ ተሕዋሱ ሳይደርስ ትሞታለች። በ25 ዲግሪ ግን ወደ 12 ቀን፣ በ28 ዲግሪ ከ9 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ከ20 ወደ 22 ዲግሪ የሚደረግ ጭማሪ ለእኛ ካፖርት የማውለቅና ያለማውለቅ ጉዳይ ሲሆን ለወባ ግን በሞተች ትንኝና ሰው ልትነድፍ በደረሰች ትንኝ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን በሌላ ቋንቋ ያውቁት ነበር። ቆላ የወረደ ሰው ንዳድ ይዞት እንደሚመለስ ስላዩ ቤታቸውን ከፍታ ላይ ሠርተው፣ የቆላውን ማሳ ቀን አርሰው፣ ሳይመሽ ወደ ላይ ይወጡ ነበር።

በቢሾፍቱ አካባቢ የተሰበሰቡ የብዙ ዓመታት የወባ መዝገቦችን የመረመረና በ2014 የታተመ ጥናት ሞቃት በሆኑ ዓመታት ሕመሙ ወደ ከፍታው ሲወጣ፣ ቀዝቃዛ በሆኑት ደግሞ ሲወርድ አሳይቷል። ስለዚህ በወይና ደጋና በደጋው ጠርዝ ላይ ያሉ ሰዎች መጨነቃቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ወባ ወደ ደጋ መውጣቱ አዲስ ነገር እንዳይመስልዎ። በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች የገባው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ ወደ 150,000 የሚጠጋ ሰው ገድሏል፤ በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ ድንጋጤ በኋላ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ሌሊቷ አሁንም ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ በወባ የሚታከመው ሰው በአብዛኛው ከቆላ ደርሶ የተመለሰ መንገደኛ ነው። ዘመድዎ አዲስ አበባ ካለ የሚሰጋበት ጊዜ ወደ እናንተ፣ ወደ አዋሽ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ነው።

አካባቢ ሲባል የአየር ሙቀት ብቻ አይደለም። በትግራይ ትናንሽ የመስኖ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድቡ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ በወባ ይያዙ እንደነበር በ1999 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። የጥናቱ መሪ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ናቸው። ግድቡ እህል አመጣ፣ ወባም አመጣ። ሰው ውኃ ባቆረበት ሁሉ ትንኝ እንደምትከተል አይዘንጉ፤ ከዚህ በታች የምነግርዎ ነገር የዚያው ታሪክ የከተማ መልክ ነውና። ድሬዳዋ ድሮም ሙቅ ነበረች። ሙቀቱ ያኔም ለወባ ይበቃ ነበር፤ የተለወጠው ትንኟ ናት።

በሦስተኛው ዜና ውስጥ ሁለት የተለያዩ ትንኞች ተቀላቅለዋል። በጅቡቲ አምቡሊ በሚባለው ስፍራ በግንቦት 2024 የተለቀቁት የዘረመል ማሻሻያ የተደረገባቸው ትንኞች ወንዶች ብቻ ናቸው። ወንድ ትንኝ ደም አይጠጣም፣ አፉም ቆዳ መብሳት አይችልም፤ የሚኖረው በአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። በውስጡ ያለው ዘረመል ከእሱ የሚወለዱ ሴቶች ሳይጎለምሱ እንዲሞቱ ያደርጋል። የተለቀቁትም ወባ አስተላላፊዋን ለመቀነስ ነው። ዘዴው በሰፊው ይሠራ ወይስ አይሠራ ገና በጥናት ላይ ያለ ነገር ነው፤ እኔም ተስፋዬን በእሱ ላይ አልጥልም። የድሬዳዋን ወባ አመጡ ማለት ግን ፈጽሞ አይቻልም። ወረርሽኙ የተነሣው በ2022 ነው፤ እነሱ የተለቀቁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛዋ፣ እውነተኛዋ ባለጉዳይ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። ማንም በላቦራቶሪ የሠራት አይደለችም። በደቡብ እስያና በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ከጥንት ጀምሮ የምትኖር፣ በሕንድ ከተሞች ወባን የምታስተላልፍ ትንኝ ናት። ወደ አፍሪካ መግባቷ መጀመሪያ የታወቀው በ2012 በጅቡቲ ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ሕመም 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ወባን ልትሰናበት የተቃረበች ሀገር ነበረች። በእኛ በኩል በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ ቀጥሎም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች በሙሉ ማለት ይቻላል። በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት፣ በበጋና በበልግ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከ2,400 በላይ ሰዎች በወባ ሲያዙ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ከአሥር እጥፍ በላይ መጨመሩ ነበር። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች የሕመምተኞቹን ቤትና አንድ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ አካባቢ ሲያስሱ ወባ ያለበት ሰው ባለበት አጠገብ ይህችን ትንኝ አገኙ፤ በውስጧም ተሕዋሱን አገኙ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ።

የለመድናት የገጠሯ ትንኝ፣ አኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ የምትራባው ዝናብ ባቆረው ኩሬ፣ በከብት ኮቴ ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ረግረግ ነው። ክረምት ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ትበዛለች፣ ሲደርቅ ትጠፋለች። ስቴፈንሲ ዝናብ አትጠብቅም። የምትፈልገው ንጹሕ የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ሮቶ፣ በርሜል፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ለሕንፃ ግንባታ ተቆፍሮ ውኃ የተሞላ ጉድጓድ። ድርቁ ሲበረታ፣ የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ፣ ሰው ብዙ ያጠራቅማል፤ እሷም ያኔ ትበዛለች። በከተማ ውስጥ በበጋ ወባ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚደናገረው ለዚህ ነው። ኩሬ አላየም፣ ሣር አልበቀለም፣ ዝናብ አልዘነበም፤ ታዲያ ከየት መጣ ይላል። የመጣው ለቡና ከሚቀዳው በርሜል ነው።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ፤ ለማየትም ምንም መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ማለዳ የበርሜሉን ክዳን ቀስ ብለው ያንሡ፤ ውኃውን አይንኩት። የስልክዎን መብራት ከጎን አድርገው ያብሩና ዝም ብለው ጥቂት ይጠብቁ። ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ፣ ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድመው የሚንሳፈፉ ነገሮች ካሉ የወባ ትንኝ እጮች ናቸው። ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው በጅራታቸው የተንጠለጠሉ ከሆነ ደግሞ የደንጊ ወይም የተራ ትንኝ እጮች ናቸው። እጅዎ ጥላ ሲጥልባቸው ሁለቱም ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ለመተንፈስ ይወጣሉ። እኔ በሥራዬ ከፍቼ ካየኋቸው በርሜሎች ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው በንጽሕናቸው የሚኮሩባቸው ነበሩ። ንጹሕ መሆናቸውም እውነት ነው። ትንኟ የምትሻውም ንጹሑን ነው።

ስለ ክትባቱ ብዙ አልልም። ሁለት ክትባቶች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት አንዱን በ2021፣ ሌላውን በ2023 እንዲሰጡ መክሯል። ጥቅማቸው እውነተኛ ነው፤ የመጀመሪያው በጋና፣ በኬንያና በማላዊ ሲሞከር ለክትባቱ በደረሱ ሕፃናት መካከል የሞት መጠን በ13 በመቶ ቀንሷል። ነገር ግን የሚሰጡት ከ5 ወር ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ላሉ ሕፃናት በአራት ዙር ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅዎም ሆነ ለእርስዎ አይደሉም። መከላከያነታቸው ከጊዜ ጋር እየደከመ ይሄዳል። የሚሠሩት በፋልሲፓረም ላይ ብቻ ነው፤ በሀገራችን ካለው ወባ ውስጥ ቀላል የማይባል ድርሻ የሚይዘውን ሌላውን የወባ ዓይነት፣ ቫይቫክስን፣ አይነኩትም። ትንሿ ልጅ ካለችዎትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባቱ ለሰፈራችሁ ደርሷል ካለችዎት ያስከትቧት። አጎበሩን ግን አያውርዱት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ በዚህ ላይ አላመቻምችም። ከማንኛውም ነገር በፊት ውኃዎን ይክደኑና በየሳምንቱ ያጽዱ። እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ እጭ ሆኖ፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ በእናንተ ሙቀት ከአንድ ሳምንት ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ስለዚህ በሰባት ቀን አንድ ጊዜ ባዶ የተደረገና የተፈተገ በርሜል ትንኝ አያሳድግም። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ግን ምንም እንዳላደረጉ ይቆጠራል፤ በመሃል አንድ ትውልድ በርሮ ሄዷል። ውኃ በፈረቃ መምጣቱ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ተራችሁ ከመድረሱ በፊት ባለው ማታ የቀረውን ውኃ ለልብስና ለጽዳት ተጠቅመው በርሜሎቹን አንድ በአንድ ባዶ ያድርጉ፤ የውስጡን ግድግዳ እስከ አፉ ድረስ በብሩሽ ይፈትጉት። ውኃ ማፍሰሱ ብቻ አይበቃም፤ የደንጊ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውኃው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ነው፣ እንቁላሉም ደርቆ ወራት ይቆያል። ከሞሉት በኋላ ወፈር ያለ ጨርቅ ወይም የወንፊት መረብ አፉ ላይ ወጥረው በገመድ ወይም በጎማ ዙሪያውን ይሰሩት። የተንጋደደ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ክዳን አይባልም፤ ትንኝ የምትገባው ጣት በማያስገባ ስንጥቅ ነው።

ሮቶው ሌላ ጉዳይ ነው፤ በየሳምንቱ ባዶ ማድረግ አይቻልም። የላይኛው ክዳኑ በትክክል መገጣጠሙን፣ የተሰነጠቀ አለመሆኑን ይመልከቱ። አብዛኛው ሰው የሚረሳው ትርፍ ውኃ የሚወጣበትን ቱቦ ነው፤ አፉ ላይ ወንፊት ያስሩበት። ከሮቶው ሥር የሚንጠባጠብ ውኃ የሚጠራቀምበት ካለም ይድፈኑት። ለማይከደኑ ትልልቅ ገንዳዎች እጭ የሚገድሉ ኬሚካሎች አሉ፤ ቴሜፎስ አንዱ ነው። መጠኑን ማወቅ ስላለበት ይህን የጤና ባለሙያ ይጨምርልዎ። ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚጠጣ ውኃ ላይ ማፍሰስ ልጆችን ይመርዛል። በረኪና በዝቶ ቢጨመርም ጉሮሮና ሆድ ይጎዳል፣ እጩንም በአስተማማኝ አይገድልም። ገበያ ላይ በትንሽ ላስቲክ ታስሮ የሚሸጥ ስሙ የማይታወቅ የትንኝ ዱቄትም ቤትዎ አይግባ።

አጎበርና ርጭት ይቅር እያልኩ አይደለም፤ የሚችሉትን ልክ እንዲያውቁ ነው። ስቴፈንሲ ብዙዎቹን የተለመዱ ፀረ ትንኝ ኬሚካሎች ትቋቋማለች። ገና በምሽቱ፣ ሰው ደጅ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ትነድፋለች፤ ጠግባ የምታርፈውም ሁልጊዜ በተረጨ የመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ሳይሆን በበረትና በዕቃ ቤት ነው። ቢሆንም ያልተቀደደ አጎበር ኬሚካሉ ቢደክም እንኳ መጋረጃ ነውና ልጆቹ በየሌሊቱ ከሥሩ ይደሩ። የተቀደደውን ይስፉት። ምሽት ላይ ደጅ ሲቀመጡ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ያልብሷቸው።

አንድ ቤት ብቻውን ይህን መጨረስ አይችልም። ትንኝ በአጥር አትታገድም፤ የጎረቤትዎ ያልተከደነ በርሜልና ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ሕንፃ ጉድጓድ የእርስዎም ናቸው። ጎረቤቶችዎን በአንድ ማታ ሰብስበው የበርሜልዎን እጭ በስልክ መብራት ያሳዩአቸው፤ ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ያ ይሠራል። በአንድ ቀን፣ በውኃ ተራችሁ ዋዜማ፣ ሁላችሁም እንድታጥቡ ይስማሙ። ለሕንፃው ጉድጓድ ደግሞ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያውን ይጥሩ፤ እንዲደፈን ወይም ኬሚካል እንዲጨመርበት ማድረግ ሥራቸው ነው። ውኃ በየቀኑ በቧንቧ ቢመጣ ይህ ሁሉ ልፋት ባላስፈለገ ነበር። የከተማ ወባ መፍትሔ ውሎ አድሮ የውኃ አገልግሎት ጉዳይ መሆኑን ለሚመለከታቸው ደጋግማችሁ ብትነግሩ መብታችሁ ነው።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም ከተገኘበት ሕክምናውን እንደገና በሙሉ መጀመር አለመጀመሩን የሚወስነው የሚያየው ባለሙያ ነው፤ ከተጀመረ ስድስቱንም ይጨርሱለት። ካስመለሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ያንኑ መጠን ይድገሙለት። ቫይቫክስ ከተገኘበት ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ይህ ዓይነቱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ያለ አዲስ ንድፊያ ይመለሳል። ለዚህ ተብሎ ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀናት ይሰጣል፤ ትኩሳቱ ግን በሦስተኛው ቀን ስለሚጠፋ ሰው ሁሉ በመሃል ያቆመዋል። እርስዎ እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ይስጡት። ጂ6ፒዲ የሚባል የደም ጉድለት ባላቸው ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሴልን ሊሰብር ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ስለ ምርመራው ይጠይቁ፤ መድኃኒቱን እየወሰደ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወዲያው አቁመው ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱ። ሁለቱም ካልተገኘበትና ትኩሳቱ ካልተመለሰ ኮአርተሙን የቀረውን ይዘው ለጤና ጣቢያው ያስረክቡ፤ ለሚቀጥለው ትኩሳት ብለው ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡት።